ልጁ ቋንቋውን ከየት ያገኛል?

አማርኛችን ውስጥ አንድ የማይመች ነገር አለ። «ድንቁርና» ስንል አብዛኞቻችን የምናስበው አለማወቅን ብቻ ነው። ቃሉ የመጣው ግን ከጆሮ ነው። «ደነቆረ» ማለት ጆሮው መስማት አቆመ ማለት ነበር፤ ዛሬም ጎረቤት ሙዚቃ ሲለቅብን «ጆሮዬን አደነቆረው» እንላለን። የማይሰማው ሰውና የማያውቀው ሰው በአንድ ስም ሲጠሩ ኖሩ፣ ስሙም ስድብ ሆነ። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» ብለን ስንተርት የምንስቅበት ሰው ማን እንደሆነ ቆም ብለን አናስብም።

የሰፈር ተረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 340 እንዲህ የሚል ሐሳብ አለው፦ መስማትና መናገር የተሳናቸው፣ ዓይነ ስውራንና ሌላ ቋሚ ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ካልቻሉ፣ ሕጉ ለእብዶች የሰጠውን ጥበቃ መጠየቅ ይችላሉ። ለሕጉ አርቃቂዎች እንፍረድላቸው ከተባለ፣ «ይችላሉ» ነው ያሉት፣ አላስገደዱም፤ ሐሳባቸውም እንዳይታለሉ ለመከላከል ነው። ግን የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳስቀመጧቸው እዩልኝ። ጆሮው የማይሰማ ሰው አእምሮው ከታመመ ሰው ጎን ተቀመጠ። በተረቱም በሕጉም ውስጥ ያለው ግምት አንድ ነው፤ ጆሮ ከተዘጋ ጭንቅላትም ይዘጋል።

ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። የሚያስቸግረው ነገር ግን ከሩቅ ሲያዩት እውነት መምሰሉ ነው። ማንም በሚገባው ቋንቋ አናግሮት የማያውቅ ልጅ ብዙ ነገር ሳያውቅ ያድጋል። ጥፋቱ የጆሮው አይደለም፤ ቋንቋ አልደረሰውም። ስለዚህ መስማት የተሳናቸውን ልጆችና ቤተሰቦቻቸውን የመርዳት ታሪክ፣ ውስጡ ገብተው ሲያዩት፣ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፦ ልጁ ቋንቋውን ከየት ያገኛል?

ጥያቄውን ወደ አንድ ቦታ እንውሰደው። መሐል ሜዳ፣ የመንዝ ጌራ ምድር ከተማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ የተቀመጠች ብርዳም ደጋ ናት። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማበርንና ሞላሌን አልፎ ነው የሚደረሰው። መንዝ በጉ፣ ባናውና በርኖሱ የታወቀ አገር ነው። አንደበቱም የታወቀ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሰው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ መሰየሙ ያለ ነገር አይደለም። አንዱን ቃል ለሁለት ፍቺ ማዋል፣ ነገርን ሸፍኖ መናገር፣ የተሸፈነውን ደግሞ ፈልቅቆ መስማት እንደ ሙያ የሚቆጠርበት አገር ነው።

ሰምና ወርቅ ደግሞ የሚፈታው በጆሮ ነው። ሙግቱ፣ ሽምግልናው፣ ቀረርቶው፣ ሙሾው፣ ቅዳሴው፣ ምርቃቱ ሳይቀር ጆሮ ይፈልጋል። እንዲህ ባለ አገር መስማት የተሳነው ልጅ ሲወለድ ከምን ከምን ውጪ እንደሚሆን መቁጠር ያደክማል።

ሁሉም አብሮት የሚወለድ አይደለም። አንዳንዱ በዘር ይመጣል፤ ብዙውን ግን በሽታ ነው የሚያመጣው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ሳይታከም የከረመ የጆሮ መግል፣ አንዳንዴም ሕይወት ለማዳን የተሰጠ ኃይለኛ መርፌ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በልጆች ላይ ከሚደርሰው የመስማት ችግር ወደ 60 በመቶው መከላከል በሚቻል ምክንያት የመጣ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት፤ በ1973 እና በ1981 ዓ.ም ገደማ የተነሱት ሁለት ትልልቅ ወረርሽኞች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አሳመዋል። የሞቱት ተቆጠሩ። የተረፉትና መስማት ያቆሙት ልጆች ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጠበል ይሄዳል። ይህን ማንቋሸሽ ቀላል ነው፣ እኔ ግን አልወድም። ሐኪም ሩቅ፣ ትምህርት ቤት የማይታሰብ በነበረበት ዘመን ጠበል የነበረው ብቸኛ ቦታ ነው፤ እዚያም እናት ከሌሎች እናቶች ጋር ትገናኛለች፣ የሷ ልጅ ብቻ እንዳልሆነ ታያለች። ችግሩ ሌላ ነው። ፈውሱ እየተጠበቀ ዓመታት ያልፋሉ፤ ልጅ ደግሞ ቋንቋ የሚይዝበት ዕድሜ አይጠብቅም። ከውልደት እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ የትኛውንም ቋንቋ፣ የድምፅም ይሁን የእጅ፣ ሳያገኝ ያደገ ልጅ በኋላ ሙሉ በሙሉ ለመያዝ በጣም ይቸገራል።

ልጁም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም። በየትም አገር መስማት የተሳነው ልጅ ያለ አስተማሪ የራሱን ምልክት ይፈጥራል። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሱዛን ጎልዲን-ሜዶ እንዲህ ያሉ ልጆችን ለብዙ ዓመታት አጥንታ ያገኘችው ነገር ይገርማል፤ ምልክቱን ሥርዓት የሚያስይዘው፣ ቅደም ተከተል የሚሰጠው ልጁ ራሱ ነው፣ እናቱ አይደለችም። እስቲ የደጋ ቤት ውስጥ ያለ ልጅ አስቡ። ራሱ ላይ ሲጠመጥም ቄሱን ማለቱ ነው። አገጩን ሲይዝ አባቱን። እጁን ሲያጣጥፍ ብርዱን። እናቱ ትረዳዋለች፣ ታናሽ እህቱ ከሷም በላይ ትረዳዋለች፣ ብዙ ጊዜ እሷ ናት ለእንግዳ የምታስተረጉምለት። በግ ይጠብቃል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ሱፍ ሲፈተልና ባና ሲሠራ እያየ ይማራል። እጅ የሚያስተምረውን ሥራ ከማንም እኩል ይሠራል።

ከዚያ አያቱ ትሞታለች። ሰው ይሰበሰባል፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ ይለበሳል፣ እናቱ ፊቷን ትነጫለች። ልጁ ሁሉንም ያያል። «ሞተች፣ ከእንግዲህ አትመጣም፣ አንተ ግን አትሞትም፣ እኔም አልሄድም» የሚለውን ግን የሚነግርበት ምልክት ቤቱ ውስጥ የለም። የቤት ምልክት «ና ብላ»ን ይችላል፤ «ለምን»ን፣ «የዛሬ ዓመት»ን፣ «ቢሆን ኖሮ»ን ለመናገር ብዙ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ይፈልጋል። ልጅቷ ከሆነች ደግሞ አደጋው ሌላ ነው። የደረሰባትን ጥቃት ለፖሊስም ለዳኛም ማስረዳት የማትችል ልጅ ለክፉ ሰው የተመቸች ናት፤ ክፉ ሰዎችም ይህን ያውቃሉ።

በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቤት ከዜሮ ነው የሚጀምረው። መንዝ በገደልና በሸለቆ የተቆራረጠ አገር ነው። ከዚህ ተረተር አንድ ልጅ፣ ከወዲያኛው ሸለቆ ሌላ ልጅ መስማት የተሳናቸው ቢሆኑ ሳይተያዩ ሊያረጁ ይችላሉ። አንዱ ቤት የፈጠረው ምልክት ልጁ ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

ቋንቋ የተወለደው ልጆቹ በተሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ ነው። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. አቤ ደ ለፔ የተባለ ካህን ፓሪስ ላይ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው ሎራን ክለርክ፣ እሱም መስማት የተሳነው፣ ከቶማስ ጋላውዴት ጋር አትላንቲክን ተሻግሮ በ1817 ሃርትፎርድ ከተማ የአሜሪካው ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገ፤ የፈረንሳዩ ምልክትና ልጆቹ ከየመንደራቸው ያመጡት ተዋሕዶ የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ሆነ። በ1880 ደግሞ ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል የሚሰሙ፣ ምልክት ይቅር ንግግር ይሁን ብለው ወሰኑ። በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ አስርት ዓመታት ልጆች ክፍል ውስጥ እጃቸውን እንዳያንቀሳቅሱ ተከለከሉ። ቋንቋው ግን መኝታ ቤትና ጓሮ ተደብቆ ኖረ። ኒካራጓ ውስጥ በ1970ዎቹ መጨረሻ የሆነው ከሁሉ ይደንቃል፤ ማናጓ ላይ መምህራኑ ከንፈር ማንበብ ሲያስተምሩ ልጆቹ ሜዳ ላይና አውቶቡስ ውስጥ ማንም ያላስተማራቸውን አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ አንድ ስም መነሳት አለበት። አንድሪው ፎስተር ከአላባማ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ በ11 ዓመቱ ማጅራት ገትር መስማቱን ወሰደበት። ከጋላውዴት ኮሌጅ በመመረቅ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ በ1957 ጋና ላይ ጀምሮ በአፍሪካ ከ30 በላይ ትምህርት ቤቶችን መሠረተ። እኛ ዘንድ ግን በሩን የከፈቱት ሌሎች ናቸው። ያኔ በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር በነበረችው ኤርትራ፣ ከረን ላይ በ1955 እ.ኤ.አ. የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተከፈተ። አዲስ አበባ ላይ በ1956 ዓ.ም ገደማ የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን የመካኒሳን ትምህርት ቤት ጀመሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አልፋ ተከተለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሆሳዕና ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተች።

መምህራኑ ይዘውት የመጡት ምልክት የአሜሪካ ነበር፤ በኋላ በሆሳዕና በኩል የሰሜን አውሮፓም ገባበት። ልጆቹ ደግሞ የየቤታቸውን ይዘው መጡ። ዛሬ የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የምንለው ከዚህ ቅልቅል የወጣ ነው። አማርኛን በእጅ መናገር የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ የራሱ ሰዋስው አለው። ፊቱ፣ ቅንድቡ፣ የትከሻው አቅጣጫ ሳይቀር ትርጉም ይሸከማል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ ግን የጣት ፊደሉ ነው። በ1963 ዓ.ም ገደማ የተሠራ ነው። የእንግሊዝኛውን 26 ፊደል በጣት ማሳየት ቀላል ነበር፤ የኛን ከ200 በላይ ሆሄ እንዴት አድርገህ ታሳያለህ? የሠሩት ሰዎች መልሱን እዚያው ፊደሉ ውስጥ አገኙት። የእጁ ቅርጽ ፊደሉን ይይዛል፤ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ግዕዙን፣ ካዕቡን፣ ሣልሱን እያለ እስከ ሳብዕ ይለያል። «ለ» እና «ሎ» አንድ ቅርጽ ናቸው፣ የሚለያቸው እጁ የሚሄድበት መንገድ ነው። ልክ ፊደላችን በብራና ላይ አንዱን ቅርጽ ይዞ እግሩን እየቀጠለ እንደሚያረባው። ፊደላችንን ቲሸርት ላይ አትመን እንኮራበታለን፤ ይህን ፈጠራ ግን ስንቶቻችን ሰምተነዋል?

የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም የተመሠረተው በዚያው ሰሞን፣ በ1963 ዓ.ም ነው። ልብ በሉ፣ ከመካኒሳው ትምህርት ቤት እስከ ማኅበሩ ያለው ጊዜ ሰባት ዓመት ገደማ ነው። ልጆች በተሰበሰቡ ባጭር ጊዜ ውስጥ ለራሳቸው የሚናገሩ ሰዎች ሆኑ። ከዚያ ደርግ መጣ፤ በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ፣ የዩኔስኮ ሽልማትም አገኘ። 15ቱም የሚነገሩ ቋንቋዎች ነበሩ። መንዝ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው «ሀ ሁ» ከሚሉት ጎልማሶች መካከል መስማት የተሳነው ካለ፣ የመምህሩን ከንፈር ሲያይ ነው የዋለው።

እዚህ ላይ ስለ ዋጋው እናውራ። መሰብሰብ ማለት ከቤት መውጣት ነው። ከመንዝ የተነሳ ልጅ ሆሳዕና ለመድረስ አዲስ አበባን አልፎ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ መሄድ አለበት። በዓለም ላይ መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከ90 በመቶ በላይ የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ ስለዚህ ቋንቋ ያለበት ቦታና እናት ያለችበት ቦታ ሁለት ሆኑ። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ በወራት ውስጥ ይፈታል፤ ይቀልዳል፣ ይጣላል፣ ሕልሙን ይናገራል። ክረምት ላይ ቤቱ ሲመለስ እጁ በቋንቋ ተሞልቷል፣ ቤቱ ግን የነበረበት ነው። እናቱ አሁንም የምታውቀው «ና ብላ»ን ነው። ጓደኞቹን ይናፍቃል፤ እሷ ደግሞ ልጄን ባዕድ አደረጉብኝ ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስለ ትምህርት ቤቶቹ ስናወራ ይህን ክረምት መዝለል የለብንም፤ ልጁን የረዳው ሥርዓት ለቤተሰቡ የሰጠው ነገር ትንሽ ነበር።

ቀስ በቀስ መፍትሔ ተብሎ የመጣው ልዩ ክፍል ነው። በአማራ ክልልም በሌላውም ከተማ ውስጥ ባሉ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ግቢ አንድ ሁለት ክፍል ለእነዚህ ልጆች ይሰጣል፤ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በምልክት ይማራሉ፣ ከዚያ ከሚሰሙት ጋር ይቀላቀላሉ፣ አስተርጓሚ ካለ። ከሆሳዕና ይቀርባል፣ እውነት ነው። ለገጠር ልጅ ግን ከተማም ሩቅ ነው። የመንዝ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ፤ ከተማ ላይ ለሦስት ለአራት አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ ቅዳሜ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ፣ ራሳቸው ቀቅለው ይበላሉ። በ15 ዓመት ከባድ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ይህንኑ በሰባት ዓመቱ እንዲያደርግ ነው የሚጠበቀው። ወይ ዘመድ ይገኝለት፣ ወይ እናት ቤቷን ትታ ትውጣ፣ ወይ በጉን ይጠብቅ። አብዛኛውን ጊዜ የቱ እንደሚመረጥ መገመት አያስቸግርም።

ወረቀቱ ተሟልቷል ማለት ይቻላል። የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2001 ዓ.ም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ መምህርም አስተርጓሚም ከዚያ ይወጣል። በ2002 ዓ.ም አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች፤ ስምምነቱ ልጆች የምልክት ቋንቋ የሚማሩበትን ሁኔታ ማመቻቸት የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል። ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ የማጅራት ገትር ኤ ክትባት ዘመቻ በየክልሉ ተዳረሰ፤ ስንት ጆሮ እንዳተረፈ ማንም አይቆጥረው ይሆናል፣ ግን አትርፏል። የጎደለው ቤቱ ነው።

ቤቱ ቢያውቅስ ምን ይሆናል? ይህም በታሪክ ታይቷል። ማርታስ ቪንያርድ በምትባል የአሜሪካ ደሴት፣ በተለይ ቺልማርክ መንደር፣ በዘር የሚመጣ የመስማት ችግር ለ200 ዓመታት ያህል ቆየ። ነዋሪው ሁሉ፣ የሚሰማውም የማይሰማውም፣ በምልክት ያወራ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ከጀልባ ጀልባ፣ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአባታቸው ተደብቀው። ተመራማሪዋ ኖራ ግሮስ ሽማግሌዎቹን ስትጠይቅ እነዚያን ሰዎች «መስማት የተሳናቸው» ብለው ለይተው ማሰብ እንኳ ይቸግራቸው ነበር። ጋና ውስጥ አዳሞሮቤ የምትባል መንደርም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። ሁለቱም ቦታ ላይ ልጁ ቋንቋ ለማግኘት ከቤት መውጣት አላስፈለገውም፤ መንደሩ ነው ወደ ልጁ የመጣው።

መንዝ እንዲህ መሆን አይችልም የሚለኝ ሰው ካለ ጓሳን አስታውሰዋለሁ። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ያንን የሣር ምድር ጠብቀዋል። አለቃ መርጠው፣ ለዓመታት ዘግተው፣ ተነጋግረው ከፍተው፣ ደንቡን የጣሰ ቀጥተው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ ይዞታል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር በጋራ መጠበቅ የቻለ ሕዝብ፣ እድርና ሰንበቴ ያለው ሕዝብ፣ መደራጀት አያቅተውም። የምልክት ቋንቋ የጋራ ጉዳይ ነው ብሎ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ለዚህ ደግሞ ትልቅ ሕንጻ አያስፈልግም። ገጠሬው በገበያ ቀን ወደ ከተማ መውጣቱ አይቀርም፤ በጉን ይሸጣል፣ ጨውና ዘይት ይገዛል፣ ልጁንም ይዞ መምጣት ይችላል። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ክፍል። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ይህ ብቻውን ብዙ ነው። እናቶች፣ አባቶች፣ በተለይ ታናሽ እህቶች ከጎናቸው ይቀመጣሉ። አስተማሪው ራሱ መስማት የተሳነው ጎልማሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ልጄ ሲያድግ ምን ይሆናል የሚለው የእናት ጭንቀት እሱን ባየች ጊዜ ግማሹ ይቃለላል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ከፊደል በፊት የሚሰጠው ነገርም የታወቀ ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩት በምልክት ስም ነው፤ ከመልክ፣ ከጸባይ፣ ከጠባሳ ወይም ከፈገግታ ይወጣል። በሰባት ዓመት ዕድሜው፣ ስሙ ተጠርቶ ሰምቶት ለማያውቅ ልጅ፣ እናቱ ፊት ስም ይወጣለታል፤ እሷም በእጇ ትጠራዋለች፣ ዘወር ይላል።